የጦርነት ጌም ከሚጫወት ልጅ ጋር ስለ እውነተኛው ውጊያ እንዴት መነጋገር ይቻላል

ጅማ ውስጥ ትምህርት ተዘግቶ የክረምቱ ዝናብ ከቤት ሲያውል፣ ታዳጊዎች ስልካቸው ላይ ወይም ሰፈር ካለው ፕሌይስቴሽን ቤት ተሰብስበው ፐብጂ፣ ፍሪ ፋየር ወይም ኮል ኦፍ ዱቲ ይጫወታሉ። መከልከል ብዙ አያዋጣም፤ ስልኩን የተነጠቀ ልጅ ጎረቤት ሄዶ ይጫወታል፣ ስለ ውጊያ የያዘው ግምትም ሳይነካ ይቀራል። «ጌም ነፍሰ ገዳይ ያደርግሃል» የሚለው ተግሣጽም የተጋነነ በመሆኑ ልጁን ከማሳቅ አያልፍም።

በመጀመሪያ አጠገቡ ተቀምጠው አንድ ሙሉ ዙር ይመልከቱ። በፐብጂ የተለመደ ዙር 100 ተጫዋቾች ከአውሮፕላን ዘለው ያርፋሉ፣ መሣሪያ ይለቅማሉ፣ እየጠበበ በሚሄድ ክልል ውስጥም አንድ ቡድን ብቻ እስኪቀር ይዋጋሉ። ሳይተቹ ይጠይቁት። የጠመንጃዎቹን ስም፣ የጥይታቸውን ዓይነትና የትኛው ሲተኮስ ወደ ኋላ እንደሚገፋ በደስታ ያስረዳዎታል፤ ከዚህም ውስጥ ብዙው ትክክል ነው። ጨዋታው የሚያዛባው ከተኩሱ በኋላ ያለውን ስለሆነ ውይይቱን እዚያ ላይ ያድርጉት።

በጨዋታው የወደቀ ጓደኛ 10 ሰከንድ ያህል የሚረዳው ካገኘ ይነሣል፣ በሕክምና ሣጥን ሙሉ ጤናውን ይመልሳል፣ ወዲያውም ይሮጣል። ጭኑን በጥይት የተመታ ሰው በእውነት ምን እንደሚሆን ልጁን ይጠይቁት። ዋናው ደም ቅዳ ከተበጠሰና ከቁስሉ በላይ ጠብቆ ካልታሰረ ሰውየው በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ ቢተርፍም አጥንቱ ከተሰበረ ቀዶ ሕክምና፣ የወራት አልጋ፣ አንዳንዴም እግር መቆረጥ ይጠብቀዋል። ያንን ቁስለኛ ከጌራ ገጠር በክረምት ጭቃ ተሸክሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ማድረስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ልጁ ራሱ ያስላው፤ መንገዱን ስለሚያውቀው ስሌቱ ከማንኛውም ምክር ይልቅ ይገባዋል።

ቀጥሎ ወደ ሕጉ ይለፉ። «ኖክ» ሆኖ፣ ማለትም ተመትቶ ወድቆ፣ የሚዳኸውን ጠላት መጨረስ በጨዋታው እንደ ገድል ይቆጠራል። በ1949 እ.ኤ.አ. በወጡትና ኢትዮጵያም በተቀበለቻቸው የጄኔቫ ስምምነቶች መሠረት ግን መዋጋት የማይችልን ቁስለኛ ወይም እጁን የሰጠን ሰው መግደል የጦር ወንጀል ነው። በፐብጂ እጅ መስጠት የሚባል ነገር የለም፤ መንደሮቹም ነዋሪ የላቸውም። ልጁ መሣሪያ ፍለጋ ወደ አንዱ ቤት ሲገባ፣ «እዚህ ማን ይኖር ነበር? የት ሄዱ?» ብለው ይጠይቁት።

በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚደርሰውን የ«ጦር ሜዳ» ቪዲዮም አብረው ይመርምሩ። አርማ 3 ከተባለው ጌም የተቀዱ ምስሎች የዩክሬን ጦርነት ተብለው በመሰራጨታቸው፣ አምራቹ ቦሂሚያ ኢንተራክቲቭ በ2022 እ.ኤ.አ. ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። ጥራቱ የወረደ፣ በጨለማ የተቀረጸ፣ ድምፅ የሌለውና ሲንቀሳቀስ የሚታይ ሰው የጠፋበት ቪዲዮ ሊያጠራጥር ይገባል።

ዘምቶ የተመለሰ አጎት ወይም ጎረቤት ካለ፣ አስቀድመው ለብቻው ያነጋግሩትና ፈቃደኛ ከሆነ ብቻ ልጁን ያገናኟቸው። ልጁም «ጋሼ፣ ስንት ሰው ገደሉ?» እንዳይል ይንገሩት፤ ስለ ጥሙ፣ ስለ እንቅልፉና ሳይዋጉ በመጠበቅ ብቻ ስለሚያልፉ ረጅም ቀናት ይጠይቅ። ሰውየው ወሬውን ከቀየረ ልጁም አብሮ ይቀይር።