አረንጓዴ ሆና የመጣችው ሴምፐርቪቩም እንዴት ቀላች
ጀርመን አገር በረንዳ ላይ ሴምፐርቪቩም (ወፍራም ቅጠሎቿ እንደ ጽጌረዳ አበባ ተደራርበው የሚያድጉ ትንሽ ተክል) የምታሳድጉ ካላችሁ ይሄ ይጠቅማችኋል። መለያዋ ላይ ያለው ፎቶ ጥቁር ቀይ ነው። ከሱቅ የመጣችው ግን አረንጓዴ፣ ቅጠሎቿ ተከፋፍተው የላሉ፣ የታችኞቹ ደግሞ ሲነኳቸው ውሃ የሚሆኑ። ከማሰሮዋ ሳወጣት ምክንያቱ ታየ፤ ሥሯን የከበበው ጥቁር አፈር እንደ ስፖንጅ ውሃ ይዟል።

የበሰበሱትን ቅጠሎች ወደ ጎን እየሳብኩ አነሳሁ፣ ቡናማ የሆነውን ሥር ቆረጥኩ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ጥላ ቦታ አቆየኋት። ከዚያ ግማሽ አፈር ግማሽ ደቃቅ ጠጠር ቀላቅዬ፣ ታቹ ቀዳዳ ባለው የሸክላ አበባ ማሰሮ ተከልኳት። ማዳበሪያ የለም! ማዳበሪያ ሲበዛ ትለመልማለች እንጂ አትቀላም።

ቀለሙን የመለሰው ግን ፀሐይና ብርድ ነው። ቅጠሉን የሚያቀላው አንቶሲያኒን የሚባለው ቀለም የሚበዛው ብርሃኑ ሲጠነክርና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ስለሆነ፣ ቀስ በቀስ አለማምጄ ደቡብ ወደሚያየው በረንዳ አወጣኋት፣ ዊንተሩንም እዚያው ከረመች። ውርጭ አትፈራም፤ አልፕስ ተራራ ላይ ያሉት ዘመዶቿ በረዶ ሥር ነው የሚከርሙት። ብርድ ሳይሆን እርጥበት ነው የሚገድላት። በጸደይ መጀመሪያ የመሃል ቅጠሎቿ ጥብቅ አሉ፣ ጫፋቸው ቀላ፣ ከዚያ ቅላቱ ወደ ታች ወረደ።

ሰመር ላይ መልሳ አረንጓዴ ብትመስል አትደንግጡ፣ የብዙዎቹ ዝርያዎች ጠባይ ነው። ያበበችው እናት ግን ትሞታለች፤ ዙሪያዋን የወለደቻቸውን ትንንሾች ለይታችሁ ትከሉ።