ኪሎ ስንቀንስ ሚዛን ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ታክሲ ተራው ጥግ ሚዛኑን ካርቶን ላይ አስቀምጦ የሚውል ልጅ አለ። የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ፣ ከሥራ ስመለስ ወጣሁበት። መርፌው 86 ላይ ቆመ። ቅዳሜ ጠዋት ቤቴ ስመዘን 81 ነበርኩ። ሁዳዴን ሙሉ ያወረድኩት በሦስት ቀን ተመለሰ ማለት ነው?

«ሚዛንህ ተበላሽቷል» አልኩት።

ልጁ አልተቆጣም። ጫማዬን አየ፣ ጃኬቴን አየ፣ ከዚያ ትከሻዬን አየ። «ጋሼ፣ ቦርሳውን እንኳ አላወረዱትም እኮ!»

ቦርሳው ውስጥ ላፕቶፕ ከነቻርጀሩና የምሳ ዕቃዬ ነበሩ። አውርጄ ስወጣ 83 ተኩል ሆነ። በማግስቱ ጠዋት ቤት ስመዘን ደግሞ 83.2። አምስቱ ኪሎ ወደ ሁለት ኪሎ ከምናምን ወረደ፤ ለዚያውም ምን እንደሆነ ገና አልገባኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ ቁጥሬን ጠዋት ጠዋት ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ከዚህ በታች ያሉትን ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ፤ ያልሠራኋቸውን ደግሞ ቤተሰቤ ሠርቶልኛል።

እንደተመቸን መመዘን

ዛሬ ጠዋት፣ ነገ ከምሳ በኋላ፣ ከነገ ወዲያ ጂም ቤት በጫማ ተመዝኖ ቁጥሮቹን ማወዳደር ትርጉም የለውም። ግማሽ ሊትር ውሃ ጠጥቶ ሚዛን ላይ የወጣ ሰው እዚያው ግማሽ ኪሎ ጨምሯል። ሌሊት ደግሞ በትንፋሽ፣ በላብና በሽንት ግማሽ ኪሎም ከዚያም በላይ ይወርዳል። በረመዳን የሚጾም ጓደኛዬ ከማፍጠሩ በፊት ተመዝኖ ይደሰታል፣ ካፈጠረ በኋላ ተመዝኖ ያዝናል። በሁለቱ መሃል የተለወጠው ነገር ውሃና ሾርባ ነው።

እኔ የምመዘነው ጠዋት ተነስቼ ሽንት ቤት ከደረስኩ በኋላ፣ ምንም ሳልቀምስ፣ በውስጥ ልብስ፣ ሁልጊዜ በዚያው ሚዛንና በዚያው ቦታ ነው። ሚዛኑ ሊሾ ወይም ሴራሚክ ላይ ይቀመጥ። ምንጣፍ ላይ ወይም እንደ ልጁ ካርቶን ላይ ከተቀመጠ አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ያንሳል። ሚዛኑ በትክክል 81 ይበል 82 ብዙም አያሳስብም። ዛሬ የሚሳሳተውን ያህል ነገም እስከተሳሳተ ድረስ መውረድና መውጣታችሁን ያሳያችኋል።

የአንድ ቀን ጭማሪን ስብ ነው ማለት

ወደ ፋሲካው 2.2 ኪሎ ልመለስ። ብዙ ሰው የሚረታው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ካሎሪ ይይዛል። 2.2 ኪሎ ስብ ለመጨመር ሰውነቴ ከሚያቃጥለው በላይ 17,000 ካሎሪ ገደማ መብላት ነበረብኝ። እንደ እኔ ያለ ሰው በቀን ወደ 2,500 ይበቃዋል፤ ስለዚህ ከተለመደው ምግቤ ላይ የአንድ ሳምንት ቀለብ ደርቤ በአራት ቀን ውስጥ መጨረስ ነበረብኝ ማለት ነው። በልቻለሁ፣ አልክድም። አማቴ ቤት ሁለተኛውን የዶሮ ብልት እምቢ የሚል ካለ ይምጣና ይንገረኝ። ግን ያን ያህል አልበላሁም።

ታዲያ ምንድን ነው የመዘነው?

አንደኛው ጨው ነው። ሆስፒታል ውስጥ በደም ሥር የሚሰጠውን ሳላይን የሚባል ፈሳሽ አስቡት፦ በአንድ ሊትር ውስጥ 9 ግራም ጨው አለ። የሰውነታችን ፈሳሽ ጨውነትም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ሰውነት ጨው ሲበዛበት ኩላሊት ትርፉን እስኪያወጣው ድረስ ያንኑ የሚያቀጥን ውሃ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ ነው። ዶሮ ወጥ፣ ክትፎ ከነሚጥሚጣው፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ እሑድ ቀን፣ ሰኞ ደግሞ ጎረቤት ቤት። ቀለበቴ ሰኞ ማታ ጣቴን ይዞ አልወጣም ያለው በስብ አልነበረም።

ሁለተኛው ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የሚቀመጠው ስኳር ነው፤ ግላይኮጅን ይባላል። አዋቂ ሰው ሲጠግብ አራት አምስት መቶ ግራም ያህል ያከማቻል፤ እያንዳንዱ ግራም ደግሞ ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየዋልኩ፣ ማታም ትንሽ እየበላሁ መጋዘኑን አጉድዬው ነበር። ድፎ ዳቦውና እንጀራው ሞላው፤ ከነውሃው።

ሦስተኛው በቀላሉ ሆድ ውስጥ ያለው ምግብ ነው። የተበላው እስኪወጣ አንድ ቀንም ሦስት ቀንም ሊወስድ ይችላል። ከሽሮና ከጎመን ወደ ሥጋ ሲዞር ደግሞ ሆዴ ደርቆ ነበር።

በሚቀጥለው ማክሰኞ 81.4 ሆንኩ። ምንም አላደረግሁም፤ ወደ ተለመደው ምግቤ ተመለስኩ፣ ውሃ ጠጣሁ፣ አበቃ። ከፋሲካ በእርግጥ የጨመርኩት ነገር ካለ ያቺ 0.4 ናት፤ እሷም እንኳ ግማሿ እንጀራ ሳትሆን አትቀርም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ማመን

ይኼ የዚያው ሌላኛው ገጽታ ነው። እንጀራና ዳቦ ያቆመ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ኪሎ ሊወርድለት ይችላል። «እንጀራ ነው ለካ!» ይላል፣ ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያወራል። ከወረደው ውስጥ ብዙው ግላይኮጅኑና አብሮት የወጣው ውሃ ነው። ሁለተኛው ሳምንት ግማሽ ኪሎ ሲሆን ሰውየው ተስፋ ይቆርጣል፤ አንድ ቀን እንጀራ ሲቀምስ ኪሎ ተኩል ይመለስና «እኔ እንጀራ አይስማማኝም» ብሎ ይደመድማል። እንጀራው የሞላው የጎደለውን መጋዘን ነው። በጤናማ መንገድ ለሚቀንስ ሰው በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ጥሩ ፍጥነት ነው፤ ግማሹም አይናቅም።

ሰኞን ከሰኞ ማወዳደር

«በሳምንት አንዴ ብቻ እመዘናለሁ» የሚሉ ሰዎች ከጭንቀቱ የዳኑ ይመስላቸዋል። ግን ያቺ አንዷ ቀን ከሰርግ ማግስት ብትውልስ? ከደብተሬ የሁለት ሳምንት ቁጥር ላሳያችሁ፤ ይኼ ኋላ ላይ፣ ወደ ሰባ ስምንት ከወረድኩ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ 78.4፣ 79.1፣ 78.9፣ 78.2፣ 78.6፣ 78.0፣ 79.3።
ሁለተኛው፦ 78.8፣ 78.3፣ 78.5፣ 77.7፣ 78.1፣ 77.6፣ 78.2።

ሰኞን ከሰኞ ካያችሁ 78.4 ወደ 78.8 ሄደ፤ ጨምሬያለሁ። ሰባቱን ደምራችሁ ለሰባት ብታካፍሉ ግን የመጀመሪያው 78.6፣ ሁለተኛው 78.2 ይመጣል። ቀንሻለሁ፣ ወደ ግማሽ ኪሎ። በመጀመሪያው ሳምንት እሑድ 79.3 ያየሁ ቀን ደብተሩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም ነበር። ጎኑ ላይ «ቅዳሜ ማታ ጥሬ ሥጋ፣ ሁለት ቢራ» ብዬ ጽፌአለሁ። ጎን ላይ መጻፉን እመክራለሁ፤ ከወር በኋላ ስታነቡት እያንዳንዱ ዝላይ ባለቤት አለው።

ለማካፈል ስልክ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል።

ጨመረ ብሎ ራስን መቅጣት

ጠዋት ቁጥሩ ከፍ ሲል ቁርስ መተው፣ ምሳ መተው፣ ከዚያ ማታ እንደ ጅብ መብላት። ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በሱ ላይ ብዙ አልልም። የሚያስፈራኝ ሌላው ነው።

ማለዳ ሜዳ ላይ ሆዳቸውን በፕላስቲክ ጠቅልለው፣ ከላይ ጃኬት ደርበው የሚሮጡ አሉ። ላቡ ሲንጠባጠብ ስቡ እየቀለጠ ይመስላቸዋል። ላብ ውሃና ጨው ነው፤ ሲጠጡ ይመለሳል። ስቲምም እንደዚያው ነው። ዘና ለማለት ግቡ፣ ለኪሎ ብላችሁ ግን አትግቡ።

«የማቅጠኛ ሻይ» እየተባለ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ውስጡ ሴና የሚባል የሚያስቀምጥ ቅጠል አለበት። ሆድን ባዶ ያደርጋል፤ ሚዛኑ በማግስቱ ይወርዳል፤ ስቡ ግን እንደተቀመጠ ነው። ሲደጋገም ከውሃው ጋር ፖታሲየም የሚባለውን ማዕድን ይዞ ይወጣል፤ ፖታሲየም ሲያንስ ደግሞ የልብ ምት ይዛባል። ከሁሉ የባሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሽንት የሚያሸና መድኃኒት፣ ፉሮሴማይድን የመሰለ፣ ለሰርግ ቀሚስ ብሎ መዋጥ ነው። ይኼ የልብና የኩላሊት ሕመምተኞች መድኃኒት ነው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

የወር አበባን መርሳት

ይኼን ያገኘችው ባለቤቴ ናት። እሷም አብራኝ ስትመዘን በየወሩ አንድ ሳምንት ሙሉ ኪሎዋ አልወርድ ይላል፤ አንዳንዴ እስከ ኪሎ ተኩል ይጨምራል። ያን ሳምንት ማታ ማታ «አንተ ወንድ ስለሆንክ ይቀልሃል» ትለኝ ነበር። ሦስት ወር ከሞላ በኋላ ደብተሩን ይዛ መጣች፤ በቀይ እስክሪብቶ ቀኖቹን ከብባለች። «እየው፣ ሁልጊዜ ከመምጣቱ በፊት ነው የሚወጣው፣ ከመጣ በሁለት በሦስት ቀን ይወርዳል።»

ሆርሞኑ ሲለዋወጥ ሰውነት ውሃ ይይዛል፣ ጡት ይከብዳል፣ ሆድ ይነፋል። ስለዚህ ሴት ልጅ ይኼን ሳምንት ካለፈው ሳምንት ጋር ሳይሆን ካለፈው ወር ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ብታወዳድር ይሻላታል። አሁን ባለቤቴ በዚያ ሳምንት ሚዛኑን ቁም ሳጥን ላይ ትሰቅለዋለች። እኔም ሳልፈልግ አርፋለሁ።

ስፖርት ጀምሮ ወዲያው ውጤት መጠበቅ

አዲስ ስፖርት ስትጀምሩ ጡንቻ ይቆስላል፣ ለመጠገን ውሃ ይይዛል። ደረጃ መውረድ እስኪያቅታችሁ እግራችሁ የታመመ ሳምንት ሚዛኑ ቢወጣ አይግረማችሁ። ሁለት ሦስት ሳምንት ስጡት፤ እስከዚያ በሜትር እምብርት አካባቢ ለኩ። እኔ ሚዛኑ ለአሥራ ስምንት ቀን ንቅንቅ ሳይል ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ገብቷል።

ጭማሪ ሁሉ ቀላል ነው ማለት

እስከ አሁን «አትደንግጡ» ስል ቆይቻለሁ። የሚያስደነግጥ ጭማሪም ግን አለ።

አክስቴ ባለፈው ክረምት ወፈረች። እኛ አገር ደግሞ ለወፈረ ሰው «አማረብህ» ነው የሚባለው፤ ሁሉም «እትዬ አምሮብሻል» አላት። እሷም ደስ አላት። አንድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ስንል ጫማዋ አልገባ አለ። ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ስለቅ ጉድጓዱ እንደ ሊጥ ቀረ። ትራስ ደራርባ ካልሆነ መተኛት ካቆመች ሁለት ሳምንት ሆኗት ኖሯል፤ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል።

ልብ ነበር። ሐኪሙ አስተኝቶ ያንኑ የሚያሸና መድኃኒት ሰጣት፤ እየለካ፣ ደሟን እየመረመረ። በአሥር ቀን ስድስት ኪሎ ወረደች፤ ሁሉም ውሃ።

በአንድ ቀን ከኪሎ ተኩል በላይ ወይም በሳምንት ከሁለት ኪሎ በላይ ጨምሮ፣ እግር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ ቀጥታ ወደ ሐኪም። ነፍሰ ጡር ደግሞ አምስት ወር ካለፋት በኋላ ፊቷና እጇ በድንገት ካበጠ፣ ራሷን አጥብቆ ካመማት ወይም ዓይኗ ከደበዘዘ ዛሬውኑ እንጂ ለነገ አይባልም። የደም ግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን እግር ያሳብጣል፤ ፕሬድኒሶሎንም ውሃ ያስይዛል፣ ምግብም ያስበላል። እነሱን የሚወስድ ሰው በራሱ ሳያቆም ለሐኪሙ ይንገር።

አክስቴ አሁን ጠዋት ጠዋት ትመዘናለች፤ የሐኪም ትእዛዝ ነው። ከጸሎት በኋላ፣ ከቡና በፊት፣ ነጠላዋን አውልቃ። ከዚያ ትደውልልኛለች። «64 ከሁለት መስመር» ትላለች፤ መስመሮቹን ነው የምትቆጥረው። ቁጥሩን እጽፋለሁ። ትናንት 64 ከሦስት ነበር።