ስኳት (ቁጭ ብድግ) ስታስተምር አታዋክብ
አንዳንድ አሰልጣኝ "ጀርባ! ጉልበት! ደረት!" እያለ ጀማሪውን ያዋክበዋል። እኔ በአንድ ዙር አንድ ነገር ብቻ ነው የማርመው።

መጀመሪያ ራስህ ሠርተህ አሳየው፤ ከፊትም ከጎንም። ከዚያ ከኋላው አግዳሚ ወንበር አድርግና "ቀስ ብለህ ቁጭ በል፣ ሲነካህ ተነስ" በለው። ዳሌው ራሱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጉልበቱ ወደ ውስጥ ከገባ "ምንጣፉን በእግሮችህ ግራና ቀኝ ወጥረው" በል። የጡንቻ ስም መደርደር ለፈተና ነው። ተረከዙ ከተነሳ ከሥሩ 2.5 ኪሎ የክብደት ዲስክ አስገባለት። ባር (ትከሻ ላይ የሚሸከሙት ብረት)? ገና ነው።

ሳታስፈቅድ ማንንም አትንካ። እኔ "ማዘር፣ ትከሻዎን ልያዝ?" ብዬ ነው የምጀምረው።

ሲጨርስ "የት ጋ ተሰማህ?" በለው። "ወገቤን" ካለ ክብደት አትጨምር፤ ወደ ወንበሩ መልሰው። "ጭኔን" ካለ 8 ጊዜ ይድገም።