በሬውን ከስልክ አትቅዱት፣ ሄዳችሁ እዩት

ለልጆች መጽሐፍ የሳልኩትን በሬ ለጎረቤት ልጅ ሳሳየው "ሻኛው የታለ?" አለኝ። ልክ ነበር፣ ፎቶውን ከኢንተርኔት ስላወረድኩት የፈረንጅ ከብት ነበር፣ ልጁ ደግሞ እዚህ ጅማ በየቀኑ የሚያየው በሬ ሻኛ አለው። ከዛ ወዲህ እንስሳውን በአይኔ ሳላይ አልስልም።

ብዙ እቃ አያስፈልግም፣ መስመር የሌለው ደብተርና እስክሪፕቶ በቃ። እርሳስ ያላልኩት ላጲስ እጃችሁ ላይ ካለ ስታጠፉ እንስሳው ስለሚሄድባችሁ ነው። በክረምት ከሰዓት ዝናቡ ስለማያስቀምጥ ጠዋት ውጡ። የሰው ግቢ ወይ የከብት ገበያ ከሆነ መጀመሪያ ባለቤቱን አካም ቡልተኒ ብላችሁ ለምን እንደመጣችሁ ንገሩት፣ የሰው የምትታለብ ላም ላይ ዝም ብሎ ማፍጠጥ ደግ አይደለም፣ ካማረቻችሁም ማሻአላህ በሉ። እንዲህ ከገባችሁ ብዙ ጊዜ ራሳቸው የምትቀመጡበት ዱካ ያመጡላችኋል።

የመጀመሪያውን አስር ደቂቃ አትሳሉ፣ እዩ ብቻ። ዋናው ነገር ጸጉሩ ሳይሆን እንቅስቃሴው ነው። ላም ከተኛችበት ስትነሳ የኋላ እግሯን ነው የምታስቀድመው፣ ዳሌዋ ወደ ላይ ወጥቶ በፊት ጉልበቷ ትንሽ ተንበርክካ ትቆያለች፣ ፈረስ ግን በተቃራኒው የፊት እግሩን ዘርግቶ ነው የሚነሳው። የጋሪ ፈረስ ቆሞ ሰው ሲጠብቅ አንዱን የኋላ እግር አሳርፎ በኮቴው ጫፍ ብቻ መሬት ይነካል፣ እሱን በደንብ ከያዛችሁት እንባ ሳትጨምሩበት ድካሙ ይታያል። ደግሞ የኋላ እግሩ ላይ ወደ ኋላ የታጠፈው ጉልበት የሚመስለን ነገር ተረከዙ ነው፣ ጉልበቱ ከፍ ብሎ ሆዱ አጠገብ ነው ያለው፣ እኔ ይሄን ሳውቅ ነው እግር መሳል የቀለለኝ። ላም ስታስቁ የላይኛውን የፊት ጥርስ አትሳሉላት፣ የላትም። የፍየል ጭራ ወደ ላይ ቆሟል፣ የበግ ላት ይንጠለጠላል።

ጊዜ ካላችሁ በቦንጋ መንገድ በለጠ ጫካ ሄዳችሁ ጉሬዛ እዩ። ቅጠል በልቶ ረጅም ሰዓት ስለሚቀመጥ ለመሳል ይመቻል፣ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል ስለዚህ እጁን ባለ አራት ጣት አድርጉት። ምግብ ግን አትወርውሩለት፣ የራሱን ኑሮ ትቶ እናንተን ማየት ይጀምራል። ልጁ ሲወለድ ሙሉ ነጭ ነው፣ ጥቁሩ ከወራት በኋላ ነው የሚመጣው። አሁን የምሰራው ታሪክ ከዚህ ነው የመጣልኝ፣ አንዲት ነጭ የጉሬዛ ልጅ እንደ እናቴ መቼ ነው የምሆነው እያለች በየቀኑ ክንዷን ታያለች።

ቤት ስትመለሱ ቀለሙን ከጀበናው ቅዱ። አቦሉ ጠቆር ያለ፣ ቶናው መካከለኛ፣ በረካው ፈዘዝ ያለ ቡናማ ይሰጣችኋል፣ አንድ በሬ በሶስቱ ብቻ ያልቃል፣ ብርሃን የሚያርፍበትን በበረካ ጀምራችሁ እስኪደርቅ ጠብቁና ሻኛው ስር ያለውን ጥላ በአቦል ጨርሱ። ስኳር ሳይገባበት ቅዱ፣ አለዚያ ወረቀቱ ይጣበቃል ጉንዳንም ይወርረዋል።

ሲያልቅ ከብት ላለበት ቤት ልጅ አሳዩትና ምንም ሳትነግሩት "ይሄ በሬ ምን እያደረገ ነው?" በሉት። "ሊነሳ ነው" ካለ ጨርሳችኋል። "ቆሟል" ካለ በነጋታው ደብተራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።