የሞተር አየር ማስገቢያ ቱቦ በፋይበርግላስ፣ ግቢ ውስጥ

አዲስ አበባ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አሮጌ ኮሮላ የሚነዳ ሰው ኮፈኑን ሲከፍት ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይጎድላል። ከፊት አየር ተቀብሎ ወደ አየር ማጣሪያው (ፊልትሮው) ቤት የሚያደርሰው ጥቁር የፕላስቲክ ቱቦ የለም። በሙቀት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ አንዱ መካኒክ ነቅሎ ይጥለዋል። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወርዳችሁ ብትጠይቁም ሙሉውን ማግኘት ዕድል ነው።

«ያለሱም ትሄዳለች» ይላሉ። ትሄዳለች። ግን የምትስበው ከራዲያተር ጀርባ የጋለ አየር ነው፤ የጋለ አየር ደግሞ ስስ ነው። እኛ የምንነዳው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር ገና ሲነሳ ሩብ የሚጠጋ አየር ተቀንሶበታል። በዚያ ላይ ሙቀት መጨመር ግፍ ነው። ስለዚህ ቱቦውን ራሴ እሠራዋለሁ።

መጀመሪያ ገደቡን እንወቅ። የፋይበሩን ክር የሚያጣብቀው ፈሳሽ፣ ተራው ፖሊስተር ሬዚን፣ ከደረቀ በኋላም ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ላይ መለስለስ ይጀምራል። ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ አጠገብም ሆነ ነዳጅ የሚነካበት ቦታ አይገባም። የእኔ ቱቦ የሚያልፈው በባትሪውና በፊት መብራቱ መሃል ነው። ደግሞ ለጀማሪ የምመክረው ከፊልትሮው በፊት ያለውን ክፍል ብቻ ነው። ከፊልትሮው በኋላ ካለው ቱቦ አንዲት የመስታወት ክር ብትረግፍ መንገዷ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር ነው። አየር መለኪያ ሴንሰር ያለበትን ቱቦ ስፋትማ ጭራሽ አትንኩ።

ቅርጹን የማወጣው ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ከሚታሸግበት ነጭ ፎም ነው። ቁርጥራጩን ለማያያዝ ማስቲሽ አትጠቀሙ፣ ፎሙን ይበላዋል። የአናጺ ነጭ ኮላ ይበቃል። በስለታም ቢላ ቅረጹ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ መኪናው ላይ እያስገባችሁ ሞክሩ። ኮፈኑ መዘጋቱን ለማወቅ ሊጥ በፔስታል ጠቅልዬ ፎሙ አናት ላይ ጉብ አደርጋለሁ። ኮፈኑን ዘግቼ ስከፍት የተጨፈለቀው ሊጥ ውፍረት የቀረኝ ክፍተት ነው። ከ2 ሴንቲ ካነሰ ፎሙን እንደገና እሞርደዋለሁ፤ ፋይበሩ ራሱ ውፍረት አለው፣ ሞተሩም ይንቀጠቀጣል። ከፊልትሮው ቤት ጋር የሚገናኘው አንገት ግን ክብነቱ በእጅ አይወጣም። ልኩ የሆነ የፒቪሲ ቧንቧ ቁራጭ ጫፉ ላይ እሰካለሁ፣ በኋላ ተስቦ ይወጣል።

ሬዚኑ ውስጥ ያለው ስታይሪን ፎም ያቀልጣል። ስለዚህ ፎሙንም ቧንቧውንም በካርቶን ማሸጊያ ሰፊ ፕላስተር ሙሉ በሙሉ ሸፍኑ፣ ጠርዝ በጠርዝ እያደራረባችሁ። ላዩን የመኪና ዋክስ ቀቡት። የፕላስተሩ ልስላሴ የቱቦው ውስጠኛ ገጽ ይሆናል፤ እዚህ ላይ ጊዜ የወሰደ በኋላ አይቆጭም።

ሬዚን ከመከፈቱ በፊት እናቴ የምታፈላው ቡና አልቆ ከሰሉ መጥፋት አለበት። የሬዚኑም፣ በኋላ ፎሙን የምናሟሟበት የአሴቶኑም ትነት እሳት ይስባል። ተራ የአፍ መሸፈኛ ይህን ትነት አያቆምም፤ የካርቦን ማጣሪያ ያለው ማስክ፣ መነጽርና ጓንት ያስፈልጋል። ሬዚኑን የሚያደርቀው ፈሳሽ፣ ሃርድነሩ፣ ዓይን ያጠፋል፣ መነጽሩን አትዝለሉት። ማድረቁን የሚያፋጥነው ኮባልት ለብቻው ከተሸጠላችሁ መጀመሪያ ከሬዚኑ ጋር በደንብ ይቀላቀል፤ ከሃርድነሩ ጋር በቀጥታ ከተገናኘ ይፈነዳል።

ባዶ ሃይላንድ አጋማሹ ላይ ቆርጬ 200 ግራም ሬዚን እመዝናለሁ፣ በሲሪንጅ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሃርድነር እጨምራለሁ። የእኛ ጠዋት ስለሚቀዘቅዝ የምሠራው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ነው። ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ሃርድነር ማብዛት ሥራውን ያሰነጥቀዋል። ኩባያው ውስጥ የተረፈው መጋል ከጀመረ ደጅ ባዶ መሬት ላይ አስቀምጡት እንጂ ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉት።

በካሬ 300 ግራም የሆነውን የፋይበር ምንጣፍ በመዳፍ ልክ ቅደዱት። በመቀስ ከተቆረጠ ጠርዙ ይታያል፣ ከተቀደደ ግን ክሮቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። መጀመሪያ ሬዚን ቀቡ፣ ቁራጩን አሳርፉ፣ ከዚያ በብሩሹ ጫፍ ነካ ነካ አድርጉት። እንደ ቀለም ከጎተታችሁት ክሩ ይሰበሰባል። ነጩ ምንጣፍ ሬዚኑን ሲጠጣ ቀስ በቀስ መስታወት ይመስላል፣ ከሥሩ ያለው ፕላስተር መታየት ይጀምራል። ነጭ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ ወይ ሬዚን አልጠገበም ወይ አየር ይዟል፤ እስኪጠፋ ነካ ነካ። ሦስት ድርብ ወደ 2 ሚሊ ውፍረት ይሰጣል። እንደ ጎማ ሲሆን የተረፈውን ጠርዝ በቢላ ቁረጡ፤ ከደረቀ በኋላ መጋዝና ብናኝ ነው።

ሁለት ቀን ይደር። ከዚያ ቧንቧውን ሳቡ፣ ፎሙን በካቻቪቴ ፈልፍሉ፣ የቀረው ላይ ትንሽ አሴቶን ጠብ አድርጉ፤ ሟሙቶ ሙጫ ይሆናል። ፕላስተሩን በፒንሳ ጎትታችሁ አውጡ። ውስጡን በሳሙናና በስፖንጅ እጠቡ፣ ካደረቃችሁ በኋላ በባትሪ እያበራችሁ እዩ። የቆመ ክር ካለ በእርጥብ የብርጭቆ ወረቀት አንሱና ስስ ሬዚን ቀቡበት።

ሲገጠም አንገቱን ከፊልትሮው ቤት ጋር በላስቲክ እጅጌና በፋሸታ (በብረት ማሰሪያ ቀለበት) እሰሩ እንጂ በቀጥታ አታጣብቁት፣ ንዝረቱ ይሰነጥቀዋል። አፉ ወደ ላይ ከፍ ይበል። ክረምት ላይ የእኛ ሰፈር መንገድ ኩሬ ነው፤ ሞተር ውሃ ከሳበ ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ፣ ቢየላ፣ ይጣመማል። ዝቅተኛው ቦታ ላይ 5 ሚሊ ቀዳዳ ብሱለት፣ የገባው ዝናብ በዚያ ይወርዳል። የመጀመሪያው ሳምንት ኮፈኑን በየቀኑ ከፍታችሁ አንገቱን ዙሪያውን በጣት ዳብሱ፤ ስንጥቅ ካለ የሚጀምረው ከዚያ ነው።