የመጀመሪያው የተግባር ሽጉጥ ተኩስ ውድድር፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የተግባር ሽጉጥ ተኩስ አንድ ቦታ ቆሞ ክብ ዒላማ ላይ ማነጣጠር አይደለም። ተወዳዳሪው ከቦታ ቦታ እየተንቀሳቀሰ፣ ከመከለያ ጀርባ ብቅ እያለ፣ ካዝና እየቀየረ የካርቶንና የብረት ዒላማዎችን ይመታል፤ ሰዓትም ይያዝበታል። ዓለም አቀፉ ማኅበር አይፒኤስሲ እ.ኤ.አ. በ1976 በአሜሪካ፣ ሚዙሪ ግዛት ተመሠረተ። የአሜሪካው ክንፍ ዩኤስፒኤስኤ ይባላል፤ በሥሩ ያሉ ክለቦች የሚያዘጋጇቸው አነስተኛ ውድድሮች ጀማሪ ይቀበላሉ። ምዝገባው በአብዛኛው ፕራክቲስኮር በተባለው ድረ ገጽ ነው። ከዚህ በታች ያለው በዩኤስፒኤስኤ ደንብ ለሚወዳደር ጀማሪ የተጻፈ ነው።

ለመጀመሪያ ቀን አንድ ግብ ይበቃል፦ ሁሉንም ምድብ (በውድድሩ ውስጥ ለየብቻ የሚተኮሱትን ዙሮች) ሳይባረሩ መጨረስ። በደኅንነት ጥፋት የተባረረ ሰው የዚያን ዕለት ውድድር በሙሉ ያጣል፤ ይቅርታ ብሎ መቀጠል የለም። ጀማሪን የሚያስባርረው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መጥፎ ተኩስ ሳይሆን ከተኩሱ በፊት፣ በመሀልና በኋላ ያለው የመሣሪያ አያያዝ ነው።

ሕጉን ሳያጣሩ መነሳት

ግሪን ካርድ ያለው ሰው በአሜሪካ ፌደራል ሕግ ስደተኛ በመሆኑ ብቻ መሣሪያ መያዝ አይከለከልም። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ከተወሰኑ ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ የጓደኛውን ሽጉጥ ለአንድ ሰዓት እንኳ ቢይዝ ወንጀል ሊሆንበት ይችላል። የመኖሪያ ፈቃድን የሚያሳጣ ነገር ስለሆነ አስቀድሞ ጠበቃ መጠየቅ ይገባል። ጫት የሚቅሙም ይህን ይወቁ፦ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ የተከለከለ ዕፅ ሲሆን፣ የተከለከለ ዕፅ የሚጠቀም ሰው መሣሪያ እንዳይዝ ፌደራል ሕጉ ይደነግጋል። ከግዛት ወደ ግዛት የሚሻገሩ ከሆነ የሁለቱንም ግዛት ሕግ ያንብቡ። በጉዞ ላይ ሽጉጡ ባዶ ሆኖ በተቆለፈ ሳጥን፣ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይቀመጥ።

መኪና ማቆሚያው ላይ ሽጉጥ መታጠቅ

ገና አንድ ጥይት ሳይተኩሱ የሚያስባርር ስህተት ነው። በውድድሩ ቦታ ሽጉጥ ከቦርሳው የሚወጣው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፦ በዳኛው ትእዛዝ መተኮሻው ላይ፣ ወይም ለዚሁ በተለየውና ሴፍቲ ኤሪያ በሚባለው ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ላይ ሽጉጡን ማውጣት፣ መታጠቅ፣ አፈሙዙን ወደ አፈር ክምሩ አድርጎ መለማመድ ይቻላል፤ ጥይት መንካት ግን ፈጽሞ አይቻልም። ባሩድ የሌለው የልምምድ ጥይት እንኳ ቢሆን አይፈቀድም። ካዝና መሙላት ከዚያ ውጭ የትም ይቻላል። ሽጉጥና ጥይት የሚገናኙት ዳኛው አጠገብ ብቻ ነው ብለው ከያዙት አይሳሳቱም።

ከወገብዎ ሽጉጥ መሬት ከወደቀስ? አያንሱት። ባዶ ሽጉጥ ከተኩስ ውጭ ቢወድቅ አያስባርርም፤ ራስዎ ጎንበስ ብለው ማንሳትዎ ነው የሚያስባርረው። ባሉበት ቆመው ዳኛ ይጥሩ፤ እሱ አንስቶ፣ ፈትሾ ይመልስልዎታል።

አፈሙዙን መርሳት

በመካከልዎ የሚያልፍ፣ ከዒላማው ጀርባ ካለው የአፈር ክምር ጋር ትይዩ የሆነ መስመር ያስቡ። አፈሙዙ ከዚያ መስመር አልፎ ወደ ኋላ ከዞረ ውድድሩ አበቃ። ቆመው ሲተኩሱ ይህን መጣስ ይከብዳል። አደጋው ያለው በሦስት ቦታ ነው፦ ካዝና ሲቀይሩ፣ ወደ ኋላ ሲመለሱ፣ እና ሽጉጡ ሲነክስ ምን እንደያዘው ለማየት ወደ ፊትዎ ሲያዞሩት።

የመጀመሪያው በቅርብ መታየት አለበት። ቀኝ እጅ ተኳሽ ካዝና ሲቀይር ክርኑን ወደ ጎኑ ሰብስቦ፣ የካዝናውን ጉድጓድ ወደ ግራ እጁ ያዘነብላል። በዚህ ጊዜ አፈሙዙ ከደረቱ አቅጣጫ ትንሽ ወደ ግራ ይሄዳል። ወደ ቀኝ እየሮጠ ከሆነ ችግር የለውም፤ ደረቱ ወደ ቀኝ ስለዞረ አፈሙዙ ወደ ዒላማዎቹ ያጋድላል። ወደ ግራ እየሮጠ ከሆነ ግን ደረቱ ራሱ ወደ ግራ ዞሯል፤ ያቺ ትንሽ መዘንበል ስትጨመርበት አፈሙዙ ተመልካቹ ዘንድ ይደርሳል። ለግራ እጅ ተኳሽ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ውድድርዎ በዚያ አቅጣጫ የሚሄዱ ከሆነ ካዝናውን ቆመው ይቀይሩና ከዚያ ይራመዱ። የሚያጡት አንድ ወይም ሁለት ሰከንድ ነው።

ሌላም ሰው የማይገምተው ነገር አለ። ትኩስ ቀለህ በአንገት በኩል ገብቶ ሲያቃጥል ሰው ደንግጦ ሽጉጥ የያዘበትን እጁን ያወናጭፋል። አንገቱ ጠበብ ያለ ሸሚዝና ከፊት ጥላ ያለው ኮፍያ ይልበሱ። ቢገባም ታግሠው አፈሙዙን ወደ ዒላማ እንዳዞሩ ይቁሙ።

ጣትን ቃታ ላይ አድርጎ መራመድ

ዒላማ ላይ ካላነጣጠሩ ጣትዎ ከቃታው ቀለበት ውጭ፣ በሽጉጡ ጎን ተዘርግቶ መታየት አለበት፤ ሲንቀሳቀሱ፣ ካዝና ሲቀይሩ፣ የነከሰ ሽጉጥ ሲያስተካክሉ። ዳኛው የሚያየው ጣትዎን ነው። «ፊንገር» ብሎ ከጮኸ ማስጠንቀቂያ ነውና ወዲያው ያውጡ። ልማዱ ቤት ውስጥ በባዶ ሽጉጥ ይመጣል፤ በልምምዱ ክፍል አንዲት ጥይት እንዳትኖር።

ትእዛዞቹን ሳያውቁ መግባት፣ በተለይ የመጨረሻውን

«ሜክ ሬዲ» ሲባል ሽጉጡን አውጥተው፣ ካዝና ከተው፣ አቀባብለው መልሰው ማኅደሩ ውስጥ ይከታሉ። «አር ዩ ሬዲ» ጥያቄ ነው፤ ዝም ካሉ ዝግጁ ነኝ ማለት ነው፤ ካልሆኑ «ናት ሬዲ» ይበሉ፣ ማንም አይቆጣዎትም። ከ«ስታንድ ባይ» በኋላ የሰዓቱ ድምፅ እስኪሰማ አይንቀሳቀሱም። «ስቶፕ» ከተባለ ባሉበት ደርቀው ይቁሙ።

ጥይት የሚባርቀው ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፣ «አንሎድ ኤንድ ሾው ክሊር» ሲባል። ቅደም ተከተሉ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ካዝናውን ማውጣት፣ ቀጥሎ ስላይዱን (የሽጉጡን ተንሸራታች የላይኛ ክፍል) ስቦ የጎረሰውን ጥይት ማስወጣት፣ ከዚያ ክፍት አድርጎ ለዳኛው ማሳየት። ደንግጦ ስላይዱን አስቀድሞ የሳበ ሰው አንዱን ጥይት ያወጣና ካዝናው ሌላውን ያጎርስለታል። ቀጥሎ ካዝናውን ያወጣል፣ ባዶ መስሎት «ሃመር ዳውን» ሲባል ቃታ ይስባል፣ ይባርቅበታል፤ ይባረራል። ዳኛው እንዳየ አየሁ አይበሉ፤ ራስዎ ጎንበስ ብለው ጥይት የሚጎርስበትን ጉድጓድ ይመልከቱ። ለዚህ ሰዓት አይቆጠርም፤ የሰዓቱ መለኪያ የመጨረሻው ተኩስ ላይ ቆሟል።

ለፍጥነት ብሎ መሳት

ውጤቱ የሚሰላው ነጥብን ለሰከንድ በማካፈል ነው። ተራ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት በሚመደብበትና ማይነር በሚባለው ዝቅተኛ የጥይት ኃይል ደረጃ፣ የካርቶኑ መሀል ኤ 5፣ ከዙሪያው ያለው ሲ 3፣ ጠርዙ ዲ 1 ነጥብ ይሰጣል። የሳቱት 10 ነጥብ ይቀንሳል፤ መመታት የሌለበትን ካርቶን መምታትም እንዲሁ።

8 ካርቶን፣ 16 ተኩስ ያለበት ምድብ እንበል። አንዱ በ20 ሰከንድ 10 ኤ እና 6 ሲ መታ፤ 68 ነጥብ፣ ሲካፈል 3.40። ሌላው በ16 ሰከንድ ጨርሶ 8 ኤ፣ 5 ሲ መታ፣ 3 ሳተ፤ ሲደመር 55፣ 30 ሲቀነስ 25 ነጥብ፣ ሲካፈል 1.56። አራት ሰከንድ ቀድሞ ከግማሽ በታች አገኘ። አንድ መሳት በጠቅላላው 15 ነጥብ ያሳጣል፤ በመጀመሪያው ተኳሽ ፍጥነት ከ4 ሰከንድ በላይ ነው። የሳቱ ከመሰለዎት ከዚያው ቦታ አንድ ጥይት ይድገሙ፤ በካርቶን ላይ የሚቆጠሩት ምርጦቹ ሁለቱ ናቸው። የብረቱ ዒላማ ደግሞ ካልወደቀ አይቆጠርም።

ድምፁ ደከም ያለ፣ እጅን ያልገፋ ተኩስ ከሰሙ ግን አይድገሙ። አረሩ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ ከተከተለው ሽጉጡ ይፈነዳል።

ዕቃ ላይ መሳሳት

ውድ ሽጉጥ መግዛት አያስፈልግም፤ አስተማማኝ የሆነ ተራ 9 ሚሊ ሜትር ይበቃል። በማኅደሩ ላይ ግን አይሠሥቱ፦ ቀበቶ ላይ በውጭ የሚታሰር፣ ጠንካራ፣ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ይሁን። በብብት ሥር የሚታጠቁት ዓይነት አይፈቀድም። አንድ ምድብ እስከ 32 ተኩስ ሊኖረው ስለሚችል፣ 10 የሚይዝ ካዝና ያለው 5 ካዝና፣ 15 የሚይዝ ደግሞ ቢያንስ 3 ይያዝ። 200 ጥይት ይዘው ይሂዱ። ማግኔት የሚስበውን ዓይነት ጥይት አይግዙ፤ የብረቱን ዒላማ ይጎዳል። የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ ተመልካችም ሲሆኑ አይውለቁ።

ተኩሶ መቀመጥ

የተመቱ ካርቶኖችን መለጠፍና የወደቁ ብረቶችን ማቆም የተወዳዳሪው ሁሉ ሥራ ነው፤ ይህን የማይሠራ ጀማሪ በጥሩ ዓይን አይታይም። «ሬንጅ ኢዝ ክሊር» ሳይባል ወደ ፊት አይሂዱ፤ ነጥቡ ሳይመዘገብም ካርቶን አይንኩ፣ አይለጥፉ።

ሲጨርሱ እጅዎን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና በደንብ ይታጠቡ። ጥይት የእርሳስ ብናኝ እጅ ላይ ይተዋል፤ እኛ ደግሞ በእጃችን ነው የምንበላው። የተጫሙትን ጫማ ከበር ውጭ ይተዉት፤ ልጆች ምንጣፍ ላይ የሚድሁ ከሆነ ልብሱንም ለብቻው ይጠቡ።