ሚዛኑ ሳይታይ ስልጠና፦ በጅማ ቡና የሴትና የወቅታዊ ሠራተኞችን ሁኔታ እናሻሽል ሲባል የሚደጋገሙ ስህተቶች

ጥቅምት ሲገባ በጅማ ዞን ወረዳዎች፣ በጎማ፣ በሊሙ፣ በጌራና በማና፣ እሸቱ (ገና ያልደረቀው የቡና ፍሬ) መቅላት ይጀምራል። ያን ጊዜ ሁለት ዓይነት እንግዳ ይመጣል። አንዱ ከዳውሮ፣ ከከፋ ወይም ከከምባታ ለለቀማ የሚመጣው ወቅታዊ ሠራተኛ ነው። ሌላው ስለዚሁ ሠራተኛ መብት ስልጠና ሊሰጥ የሚመጣው የፕሮጀክት ባለሙያ። ታኅሣሥ ሲያልቅ የሰልጣኞቹ ስም ከነፊርማቸው ፋይል ውስጥ ይገኛል። ለቃሚዋ ስንት ኪሎ አስረክባ ስንት ብር እንደተቀበለች የሚያሳይ ብጣሽ ወረቀት ግን የለም።

ሚዛኑን ትቶ ስለ መብት ማስተማር

የእሸት ለቃሚ የሚከፈላት በኪሎ ነው። ውሏ ላይ ምንም ቢጻፍ ደመወዟን የሚቆርጠው ሚዛኑ ነው። አማርኛችን ዋጋ መወሰንንም መቀነስንም «መቁረጥ» ማለቱ እዚህ ላይ በደንብ ይገጥማል።

በጣም የተለመደው ዘዴ «የጆንያ» እየተባለ ከየከረጢቱ 1 ወይም 2 ኪሎ መቀነስ ነው። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ከ100 ግራም ብዙም አያልፍም፤ የቃጫ ጆንያ እንኳ 1 ኪሎ ገደማ ነው። ስሌቱን እንሥራው። በቀን 40 ኪሎ በሁለት ከረጢት የምታስረክብ ሴት ከየከረጢቱ 2 ኪሎ ሲቀነስባት የውሎዋ አንድ አሥረኛ ሄደ። በ40 ቀን 160 ኪሎ ነው። 80 ለቃሚ ባለበት እርሻ ደግሞ 12,800 ኪሎ እሸት ይሆናል። ለ1 ኪሎ ጥሬ ቡና 6 ኪሎ ያህል እሸት እንደሚገባ ይያዝ፤ የለቀማው ሳይከፈል 35 ባለ 60 ኪሎ ጆንያ ጥሬ ቡና ተላከ ማለት ነው። ይህ እየሆነ ግድግዳው ላይ «መብትሽን እወቂ» የሚል ፖስተር የሚለጥፍ ሰው፣ ቅን ቢሆንም፣ ሥራውን አልጀመረም።

ሌሎችም መንገዶች አሉ። 18 ኪሎ ከ700 ግራም «18» ተብሎ ይጻፋል። አረንጓዴ ፍሬ ተቀላቅሏል ተብሎ ከረጢቱ በሙሉ ዋጋው ይወርዳል፤ ቡናው ግን ተመልሶ አይሰጣትም። ያልበሰለው ተለቅሞ፣ ለብቻው ተመዝኖ፣ የሚቀነሰው እሱ ብቻ መሆን አለበት።

ማረጋገጫው ከባድ አይደለም። ባዶ ጄሪካን ይመዝኑ። በሊትር መለኪያ እየለኩ 20 ሊትር ውኃ ይጨምሩበት። ሚዛኑ የጄሪካኑን ክብደትና 20 ኪሎ ማሳየት አለበት። ይህን ርክክብ ከመጀመሩ በፊት በየቀኑ፣ ሠራተኞቹ እያዩ ያድርጉት፤ የተንጠልጣይ ሚዛን ሞላ በአንድ ወቅት ውስጥ ይላላል። አሥር ባዶ ከረጢት አንድ ላይ መዝነው ለ10 ያካፍሉ፤ የሚቀነሰው ያ ብቻ ነው። የሚዛኑ ፊት ወደ ለቃሚዋ ይዙር። ካርኒው በሁለት ቅጂ ይሁን፤ ቀን፣ ኪሎ፣ የኪሎ ዋጋና ድምር ይጻፍበት፤ አንዱ ከእሷ ጋር ይሂድ። «ማንበብ አይችሉም» የሚለውን ሰበብ አይቀበሉ። ገበያ ውላ የምትገባ ሴት ፊደል ባትቆጥር ቁጥር አትስትም።

ካቦውን እንደ ተራ ሠራተኛ መቁጠር

የአሠሪው መዝገብ ላይ 12 ቋሚ ሠራተኛ ይገኛል፤ ሌላው «በካቦ» ነው ይባላል። ካቦው ሰዎቹን ከአገራቸው ያመጣል፣ መኪና ያሳፍራል፣ የመጀመሪያ ሳምንት ቀለብ ያበድራል፤ በመጨረሻ ገንዘቡን በጅምላ ተቀብሎ የራሱን ቀንሶ ያከፋፍላል። አሠሪው ከፈልኩ ይላል፤ እውነቱን ነው። ሠራተኛው አልደረሰኝም ይላል፤ እሱም እውነቱን ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ ለራሱ ለሠራተኛው ወይም እሱ ለወከለው ሰው እንዲከፈል ይላል። ከወር ደመወዝ የሚቀነሰውም ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይገድባል። ስለዚህ የካቦው ድርሻ ከድርጅቱ ኪስ ይውጣ እንጂ ከለቃሚዋ ኪሎ አይቀነስ። የመጓጓዣውን ሒሳብ አሠሪው ለመኪናው ባለቤት በቀጥታ ይክፈል። ቀለብ በብድር ከተሰጠ መጠኑና ዋጋው ብድሩ በተሰጠ ዕለት ይጻፍ፤ መሄጃዋ ሲደርስ የሚወጣ የዕዳ ደብተር ሁልጊዜ ወፍራም ነው። «በቴሌብር ስለምንከፍል ችግር የለም» የሚል ሰው ሲያጋጥም፣ ሲም ካርዱ በማን ስም እንደወጣና ስልኩ ማን ኪስ እንደሚያድር ይጠይቁት።

ለቃሚ በሌለበት ወር ኦዲት ማድረግ

ሚያዝያ ላይ የሚመጣ ኦዲተር የተጠረገ ግቢና ንጹሕ የማድረቂያ አልጋ ያያል፤ ለቃሚ ግን አያይም። ኅዳር ላይ ይምጡ። ሠራተኞችን ቢሮ አስጠርተው፣ ካቦውን አስተርጓሚ አድርገው የሚያነጋግሩ ከሆነም ባይመጡ ይሻላል። ሲመሽ ማደሪያቸው ድረስ ሄዶ፣ ሴቶችን በሴት ጠያቂ፣ አምስት ስድስት ሆነው ማነጋገር ነው፤ ብቻዋን የተጠራች ሴት በማግሥቱ «ምን አልሽ?» መባሏ አይቀርም። የመጀመሪያው ጥያቄ «ትናንት ስንት ኪሎ ተጻፈልሽ?» ይሁን። «ደስተኛ ነሽ?» ብሎ መጀመር የጨዋ መልስ ብቻ ነው የሚያመጣው።

ሰርተፍኬት ብቻውን ምን ያህል እንደሚያድን ለማየት ካራቺን ማስታወስ ይበቃል። በመስከረም 2012 እ.ኤ.አ. ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሠራተኛ ያለቀበት የልብስ ፋብሪካ፣ ኤስኤ 8000 የተባለውን የሥራ ሁኔታ ሰርተፍኬት ያገኘው ከቃጠሎው ጥቂት ሳምንታት በፊት ነበር።

የመጋዘን ለቃሚዎችን በጆንያ አንድ ዋጋ መክፈል

ጥሬ ቡና በእጅ የሚያበጥሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ ክፍያቸውም ባመዛኙ በጆንያ ነው። ችግሩ ጆንያ ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። ጥቁር፣ የተሰበረና ነፍሳት የበላው የበዛበት ቡና ከንጹሑ እጥፍ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። አቅራቢው መጥፎ ቡና ባመጣ ቁጥር ቅጣቱን የምትከፍለው ለቃሚዋ ናት ማለት ነው። ሥራው ከመሰጠቱ በፊት ከጆንያው 300 ግራም ናሙና ተወስዶ ጉድለቱ ይመዘን፤ ቢያንስ ሁለት ዋጋ ይኑር። በጥራት ተቆጣጣሪ የሚመለስ ጆንያ ደግሞ በምን ምክንያት እንደተመለሰ ከነናሙናው ይታያት። የተመለሰውን ጆንያ በነጻ እንደገና ማስለቀም እጅግ የተለመደ ነው፤ እንደ ነውርም አይታይም።

መሬት ላይ መቀመጥና አቧራ፦ ወንበርና መስኮት ይግባ። ይህን ለመወሰን ጥናት አያስፈልግም።

ሕፃናትን ከበር መመለስ

የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ እንዳይባል «ሕፃን ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ይሰቀላል። ዘመድ የሌላት መጤ እናት ወይ ከሥራ ትቀራለች፣ ወይ ልጇን የ7 ዓመት እህቱ ላይ ጥላ ትወጣለች። ሕጉ የሚከለክለው ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ነው። ጥላ፣ ምንጣፍ፣ ውኃና በቀን ሒሳብ የምትከፈል አንዲት ሞግዚት ይበቃሉ።

የሴት አባላትን ቁጥር ብቻ መቁጠር

የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ላይ አባል ሆኖ የሚመዘገበው ብዙ ጊዜ አባወራው ነው። ቡናውን የለቀመችው፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ያገላበጠችው ሚስቱ ብትሆንም ትርፍ ክፍፍሉ በእሱ ስም ይወጣል። ፕሮጀክቱ መጥቶ መዝገቡ ላይ የሴት ስም ያስጨምራል፤ ባንክ ደብተሩ ግን የአንድ ሰው ነው። የመዝገቡን ዓምድ ትተው የክፍያ ዝርዝሩን ይዩ።

የቅሬታ ሣጥን

ሣጥኑ ሥራ አስኪያጁ በር ላይ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎበት ይሰቀላል። ዳውሮኛ ብቻ የምትናገረው ሴት ምን ትጻፍበት? ባዶ ሣጥን ሰላም አለ ማለት አይደለም። ቋንቋዋን የምትችል፣ ከድርጅቱ ደመወዝ የማትቀበል ሴት የምታነሳው ስልክ ይሻላል፤ መልስ የሚሰጥበት ቀንም አብሮ ይነገር። ወሲባዊ ትንኮሳ የሚመጣው ደግሞ በአብዛኛው መስመር (የሚለቀም የቡና ዛፍ ረድፍ) ከሚያከፋፍለውና ከሚመዝነው ሰው ነው፤ ፍሬ የበዛበትን ዛፍ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው እሱ ስለሆነ። መስመር በዕጣ ይሰጥ። ርክክብ ሳይመሽ ይዘጋ።

«ዝቅተኛውን ደመወዝ እንከፍላለን» ማለት

አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይላል እንጂ በራሱ የብር መጠን አላስቀመጠም። ይህን ዓረፍተ ነገር ለውጭ አገር ገዢ የሚጽፍ ቡና ላኪ ምንም አልጻፈም። ትርፍ ሰዓት ግን በግልጽ ተቀምጧል፦ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5። በቀን 200 ብር የምታገኝ ሴት ሰዓቷ 25 ብር ነው፤ የሌሊቱ አንድ ሰዓት 43 ብር ከ75 ሳንቲም ይሆናል። ነፍሰ ጡር በሌሊትም በትርፍ ሰዓትም አትሠራም።

ችግር ሲሰማ ጥሎ መሄድ

ይህ የገዢው ስህተት ነው። አንድ ላኪ የካቦውን ጉድ ራሱ መርምሮ ይገልጣል፤ ገዢው ደንግጦ ውሉን ያቋርጣል። በሚቀጥለው ዓመት አንድም ላኪ አይናገርም። ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የጀርመን የአቅርቦት ሰንሰለት ሕግ እንኳ ግንኙነት ማቋረጥን ያስቀመጠው ማስተካከያው ሁሉ ሳይሳካ ሲቀር እንደሚወሰድ የመጨረሻ እርምጃ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብም ቢሆን የማሳውን ካርታ ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፤ ቡናው በተመረተበት አገር ሕግ መሠረት መመረቱን፣ የሠራተኛ መብትን ጨምሮ፣ ይጠይቃል። ለካርታው ጂፒኤስ ይዞ ማሳ ለማሳ የሚዞረው ወጣት በዚያው መንገዱ አንድ ካርኒ እንዲያሳዩት ቢጠይቅ የሚጨምርበት አምስት ደቂቃ ነው።

የመጋዘን የሌሊት ሥራን በተመለከተም ገዢው መጀመሪያ የራሱን ኢሜይል ይመልከት። የጭነት ቀኑን በአሥር ቀን አሳጥሮ ሲጽፍ፣ ያን አሥር ቀን የሚያካክሱት እነዚያው የመጋዘን ለቃሚዎች ናቸው።